ጊዶ ኦሬስት እና ወደ ኋላ የተመለሰው ሰዓት

የበረዶ ሜዳ ያለው ከተማ ሁሉ የሆኪን ደንብ በቃሉ የያዘ አንድ ሰው አለው። ከተማው ሐኪም ላይኖረው ይችላል፤ የእኛ የለውም። ባንኩ ሊዘጋ ይችላል፤ የእኛ ተዘግቷል። ደንብ አዋቂው ግን ንቅንቅ አይልም። ማሞቂያ በማይደርስበት ወንበር ላይ፣ ከጎሉ ጀርባ ካለው መስታወት አፍንጫውን አስጠግቶ፣ ሜዳው ሲሠራ አብሮ የተተከለ ይመስል ተቀምጦ ይገኛል። ዳኛ ሲሳሳት አይጮህም። ዜማ ሲሰበር እንደሰማ መሪጌታ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በቀስታ ይነቀንቃል። ያ ከጩኸት ይብሳል።

የግራስቢ ከተማ ደንብ አዋቂ ክቡር ኦሬስት ባራን ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት፤ ቀድሞ የእህል ጎተራ ኃላፊ፣ አሁን ጡረተኛ፤ በራሳቸው ሹመት ደግሞ በመላው የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የበረዶ ላይ ፍትሕ ጠባቂ። ከተማው ሁሉ "ጊዶ" ይላቸዋል፤ ከዩክሬን የመጡት የድሮ ሰፋሪዎች አያትን የሚጠሩት እንዲህ ነበር። የማንም አያት አይደሉም። ቢሆንም ማዕረጉን እንደሚገባቸው አድርገው ተቀብለውታል።

ከሸሚዛቸው ኪስ የማትለይ፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ የደንብ መጽሐፍ አለቻቸው። አዲሱ እትም በየመስከረሙ ሲወጣ ከአሮጌው ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩታል። አንድ ዓመት አንዲት ነጠላ ሰረዝ መጥፋቷን ደርሰውበት ለሆኪ ማኅበሩ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሰረዟ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተገኘች። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ሌላው ሰው ስለ መጀመሪያ ፍቅሩ ሲያወራ እንደሚሆነው።

ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ "መጽሐፉ ምን ይላል?" ክርክሩ ስለ ሆኪ መሆኑ ግድ አይደለም። ልጃቸው ሌሲያ ስታገባ ሙሽራው ዳርሲ ፌር ስድስት ሚዜ አሰልፎ ነበር። ጊዶ ከፊት ወንበር ተነሥተው ቆጠሩ። "ሰባት ሰው ቆሟል" አሉ ለቄሱ፣ በሹክሹክታ፣ ግን እስከ ኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ። "በረዶ ላይ ለአንድ ቡድን የሚፈቀደው ስድስት ነው።" ቄሱም የግራስቢ ልጅ ስለሆኑ ነገሩ ገባቸው። ስድስተኛው ሚዜ ቃል ኪዳኑ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ጠበቀ።

ጠዋት ጠዋት በኅብረት ሱቁ ምግብ ቤት አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ እንሰበሰባለን። እዚያም የሚሠራው የሆኪ ሕግ ነው። በሆኪ አንድ አሰልጣኝ የዳኛን ውሳኔ ተቃውሞ "ምስሉ ይታይልኝ" ማለት ይችላል። ምስሉ ታይቶ ከተሳሳተ ግን በከንቱ ሰዓት አስገድሏልና ቡድኑ ሁለት ደቂቃ አንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። ለሁለተኛ ጊዜ ከተሳሳተ አራት ደቂቃ። ጊዶ ይህን አንቀጽ ወደ ቁርስ አመጡት።

"ያ ትልቁ የበረዶ ማዕበል የመጣው በሰባ ስምንት ነው" አለ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የሚነዳው ሎርን።

"ሰባ ዘጠኝ" አሉ ጊዶ ከእንቁላላቸው ቀና ሳይሉ።

"ሰባ ስምንት ነው እንጂ! ጥጃዋ የሞተችብኝ ዓመት አይደለም እንዴ?"

"ትቃወማለህ?"

ሎርን ዙሪያውን አየ። ማፈግፈግ ይችል ነበር፤ ግን ሰው እያየው ነው። "እቃወማለሁ!"

ጊዶ ሹካቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። እዚያ በበረዶ እስከ ጣሪያዋ የተቀበረች የሱቁ ፎቶ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ 1979 ተጽፏል። ሎርን አፉን ዘግቶ ሁለት ደቂቃ ተቀመጠ። ጨው አቀብለኝ ማለት እንኳ ስላልተፈቀደለት ድንቹን አልጫ በላ።

እኔም ብዙ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ግን ልንገራችሁ፦ አንድ ቀን እኔ አሸነፍኳቸው። ስለ ምን እንደነበር አሁን ረስቼዋለሁ። የማስታውሰው ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጣቸውን ነው። እጃቸውን አጣጥፈው፣ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። ሲጨርሱ ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩና "አመሰግናለሁ" አሉኝ።

እኔ የጨዋታው ሰዓት ያዥ ነኝ። የምቀመጠው በሁለቱ የቅጣት ሳጥኖች መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ በግራዬ የእኛ ጥፋተኞች፣ በቀኜ የእንግዶቹ። የሆኪ ሰዓት ወደ ታች ነው የሚቆጥረው። አንድ ክፍለ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ይጀምርና ወደ ባዶ ይወርዳል። ብቻዬን መሆን ስለምወድ ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ማኅበሩ ከየጎሉ በላይ አንድ አንድ ካሜራ አስተከለ፤ ላፕቶፕም መጣ፤ ምስሉን የሚመረምር ሰውም ያስፈልጋል ተባለ። ግራስቢ ውስጥ ለዚህ ቦታ ድምፅ መስጠት አላስፈለገም። ጊዶ ክራቫት አስረው መጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ።

ዓይናቸው ደካማ ነው ብሎ ያጉረመረመ ነበር። እውነት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃዳቸው ተወስዷል። እሳቸው ግን "አስፋልቱ ሩቅ ነው፤ ስክሪኑ ቅርብ ነው" አሉ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

መንጃ ፈቃዱ መወሰዱ ሌላ ጣጣ አመጣ። የሚኖሩት ከከተማው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በድሮው የእርሻ ቤታቸው ብቻቸውን ነው። ወደ ሜዳው የሚያመጣቸውም የሚመልሳቸውም አማቻቸው ዳርሲ ነው፤ የቡድናችን አምበል። ላብ ላብ በሚሸት የጭነት መኪናው፣ በማልያና በዱላ መካከል ተጣብቀው ይመጣሉ። ሜዳው ማለት ለጊዶ ሰው ማየት ማለት ነው። ያለ ዳርሲ መኪና ደግሞ ሜዳ የለም።

ይህንን ደግሞ አንድ ጊዜ አይተነዋል። ጊዶ የገዛ አማቻቸው ዱላ ከሚፈቀደው በላይ መጉበጡን ለዳኛ ጠቁመው አስቀጡት። ዳርሲ ሦስት ሳምንት አኮረፈ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አራት ጨዋታ ነበር። ስልኬን ከሰዓቱ አጠገብ አስቀምጬላቸው ከእርሻ ቤታቸው ሆነው በድምፅ ብቻ ተከታተሉት። "ያ ፊሽካ ዘገየ" ይሉ ነበር ከስልኩ ውስጥ። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ "ዛሬ ብዙ ሰው አለ?"

ምስል ሲመረመር ማየት የምወደው ነገር ነው። ሕዝቡ ጸጥ ይላል። ጊዶ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። ተጫዋቾች በጀርባቸው ይንሸራተታሉ፤ የወደቀው ሳይደናገጥ ብድግ ይላል፤ ከጫማቸው ሥር የተረጨው በረዶ ተሰብስቦ ወደ መሬት ይመለሳል። ጎማዋ፣ ሁሉም የሚባላባት ያቺ ጥቁር ጎማ፣ ከመረቡ ወጥታ ወደ ዱላው ትሄዳለች፤ ቤቷን ረስታ እንደገና ያስታወሰች ርግብ ትመስላለች። በዚያ ሰዓት ምንም ነገር ገና አልሆነም።

ጥር ውስጥ፣ ሜዳው ባዶ በነበረበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጊዶ አንቀጹን አስረዱኝ።

"ጎል ገብታ ዳኛ ሳያያት ጨዋታው ቢቀጥል፣ በኋላ ምስሉ 'ገብታለች' ቢል፣ ሰዓቱ ጎሏ ወደገባችበት ሰከንድ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ አልሆነም።"

"በመካከል ሌላው ቡድን ጎል ቢያገባስ?"

"አላገባም።"

"ቅጣትስ ቢኖር?"

"ቅጣቱ ይቆያል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን ነገ።"

"እንዴት ነው የሚቆየው ጊዶ? ጊዜው ከተሰረዘ በተሰረዘ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ጥፋት እንዴት ይኖራል?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ጊዜው ተሰርዟል። የተገፋው ልጅ ግን ተገፍቷል። ካላመንክ ትከሻውን ጠይቀው።"

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩበት።

የዋንጫው ጨዋታ በመጋቢት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከቤልሞር ጋር። ግራስቢ ዋንጫ ካነሣች ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏታል። ውጭ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ስለነበር ለብ ያለው አየር በበሮቹ ሲገባ ከሜዳው ላይ ጉም ተነሣ። ተጫዋቾቹ ከጉልበታቸው በታች አይታዩም። በነጭ ደመና ላይ የሚንሳፈፉ ሰዎች ነበሩ።

ሦስት ለሦስት ነን። 3:20 ሲቀር ዳርሲ መታ። ጎማዋ ጉሙ ውስጥ ጠፋች፤ ብረት ጮኸ፤ ጎማዋ ተመልሳ ወጣች። ዳኛዋ ቴጋን፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች፦ ጎል አይደለም። ጨዋታው ቀጠለ።

"ገብታለች" አሉ ጊዶ።

"አግዳሚውን ነው የመታችው፤ ሰማሁት እኮ።"

"ሁለት ጊዜ ነው የጮኸው። ሁለተኛው ከውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ድምፁ ወፍራም ነው። ሰዓቱን ጻፍ።"

ጻፍኩ። በዚህ መሃል ዳርሲ ጎሌን ተነጠቅሁ ብሎ ደሙ ፈልቶ የቤልሞሩን ዘጠኝ ቁጥር ከኋላ ገፍቶ ሜዳውን ከከበበው ሳንቃ ጋር አላተመው። ቴጋን ክንዷን አነሣች። ጥፋት ያጠፋው ቡድን ጎማዋን እስኪነካ ድረስ ፊሽካ አይነፋም፤ ጎማዋ ደግሞ ቤልሞሮች ጋ ነበረች። እነሱም ወስደው አገቡብን። 1:48። ዳርሲ አምስት ደቂቃ ተፈርዶበት በግራዬ ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ቁጥር ትከሻውን ይዞ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ።

ያኔ ጊዶ ዳኛን ለምስል ምርመራ የሚጠራውን ደወል ተጫኑ።

ቴጋን ወደ መስኮታችን መጣች። ጊዶ ቁልፏን ተጫኑና ያ የምወደው ነገር ጀመረ። የቤልሞር ጎል ከመረቡ ወጣች። ዘጠኝ ቁጥር ከሳንቃው ተላቅቆ፣ ምንም እንዳልደረሰበት፣ በጀርባው ወደ መሃል ሜዳ ተንሳፈፈ። የዳርሲ እጆች ከጀርባው ላይ ተነሡ። ጉሙ ወደ በረዶው ተመለሰ። ከዚያ ምስሉ ቆመ፦ ጎማዋ፣ ከመስመሩ ወዲያ፣ ከመረቡ ውስጥ፣ ግማሽ ስንዝር ገብታ።

ቴጋን ወደ መሃል ሄዳ በእጇ ወደ ጎሉ ስትጠቁም ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። ምግብ መሸጫውን የምትይዘው ዶሪን በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ጊዶን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው። ሎርን "ጊዶ! ጊዶ!" ማለት ጀመረ፤ ሦስት መቶ ሰው ተከተለው። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ይህ ሆኖላቸው አያውቅም። ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ቴጋን መጥታ "ሰዓቱን ወደ 3:20 መልሰው" አለችኝ።

መለስኩት። ቁጥሮቹ በእጄ ሥር ወደ ላይ ወጡ፤ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ሰከንድ ወደ ዓለም ተመልሶ ገባ። አራት ለሦስት እየመራን ነው። ዳርሲ የሳጥኑን በር ከፍቶ ወጣ፤ ዱላውንም ወደ ሕዝቡ አነሣ። የቤልሞር አሰልጣኝ ብቻውን እየተሳደበ ነበር። ቴጋን ዳርሲን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

"ጊዜው ከተሰረዘ ቅጣቱም አብሮ ተሰርዟል፤ አይደል?" አለችኝ።

አውቅ ነበር። በጥር ተምሬዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጀርባዬ ቆሞ ትንፋሹ አንገቴን ይነካኛል። ሰዓቴን የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ።

"አልተሰረዘም" አሉ ጊዶ።

መጽሐፏን ከላስቲኳ አላቀው፣ በጎማ ቡት ወደ በረዶው ወረዱ። በቀስታ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ጉሙ ውስጥ ይራመዳሉ። የሚጮኸው ሰው ሽማግሌው ሊጨፍሩ መስሎት አጨበጨበ። ጣታቸውን አንቀጹ ላይ አሳርፈው ለቴጋን አሳዩአት።

ዳርሲ ተንሸራቶ መጣ። "አባባ፣ ይተዉ እንጂ። ማንም አልጠየቀዎትም!"

"እሷ ጠየቀች።"

"እሱን ነው የጠየቀችው!" ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ። "እሱ ምንም አላለም!"

ጊዶ ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

"ስላልሰማት ነው" አሉ። "ጩኸቱ ብዙ ነው። አልሰማሃትም፤ አይደል?"

"አልሰማኋትም" አልኩ።

ክቡር ኦሬስት ባራን በሕይወታቸው ሆን ብለው የሰጡት የተሳሳተ ፍርድ አንድ ብቻ ነው። እሱም ለእኔ ነው።

ቴጋን አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ለዳርሲ ሳጥኑን አሳየችው። ሕዝቡ ነገሩ ሲገባው የተሰማው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ ከትልቅ ጎማ አየር ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ነው። ዳርሲ በሩን ዘጋና በመስታወቱ በኩል "ዛሬ በእግርዎ ነው የሚሄዱት" አለ።

"አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው" አሉ ጊዶ ወንበራቸው ላይ እየተመለሱ። ቡታቸውን አዩ። "ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምናልባት ሦስት ተኩል።" እና ስክሪኑን ለቀጣዩ አዘጋጁ።

አንድ ሰው ጎድለን ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መከላከል ነበረብን። ቤልሞሮች አቻ ያደረጉት 1:51 ላይ ነው። ከሰረዝነው ጎል ሦስት ሰከንድ ብቻ ቀድሞ። ያን ጊዜ የመለስኩት እኔ ነኝና፣ ያው ነገር መንገዱን አስታውሶ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ። የማሸነፊያዋን አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀር አገቡ። ጊዶ ምስሏን መረመሩ፤ ንጹሕ ጎል ነበረች። "ንጹሕ ናት" አሉና መጽሐፏን መልሰው በላስቲኳ አሰሯት።

ሰው ሲወጣ ማንም ወደ መስኮታችን አላየም። ዶሪን የመሸጫዋን መዝጊያ አወረደች። ሎርን በአጠገባችን ሲያልፍ እንዳያየን ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ዝቅ አደረገ።

ወጥቼ መኪናዬን አስነሣሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ሁልጊዜ በመጽሐፍ የተሞላ ነው፤ ሰው ስለማልጭን ነው። መጽሐፎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ወረወርኩና በሩ ላይ ወደቆሙት ጊዶ ሄድኩ።

"ይምጡ፣ ላድርስዎት።"

"መኪና አለኝ" አሉ።

መኪና ማቆሚያው ባዶ ነበር። "ጊዶ፣ ዳርሲ እኮ ሄዷል።"

"ትቃወማለህ?"

አፌን ስከፍት የዳርሲ መኪና ከሜዳው ጀርባ ዞሮ መጣ። ፊታቸው ቆመ፤ በሩም ከውስጥ ተከፈተ።

"ይግቡ" አለ ዳርሲ ወደ ፊት እያየ። "ግን አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። አምስት ደቂቃ ሙሉ!"

ጊዶ አሰቡበት። "አምስት ተገቢ ነው" ብለው፣ ማልያውን ገፋ አድርገው፣ ገቡና ተቀመጡ።

በሩ ተዘጋ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሰማዩ ወደ ሰማያዊነት እየዞረ ነው፤ የመኪናው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ሰዓቴን አየሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዳርሲ መስኮቱን በእጅጌው ጠረገ። አራት። አምስተኛው ሲሞላ የጊዶ አፍ ተከፈተ፣ አንድ ጣታቸውም ተነሣች። ምናልባት ልዩ ሁኔታዎቹን ማስረዳት ጀምረው ይሆናል። ዳርሲ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀ ይመስለኛል። ከዚያ መኪናው ሄደ።

እኔ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መጽሐፎቹን ወደ ቦታቸው አልመለስኩም። ማንም አልፈረደብኝም፣ ማንም አያየኝም። ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ከፊቴ አስቀመጥኩና ሁለት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ፣ ዝም ማለቴ ሳያንስ ዋሽቼም ስለነበር፣ ሌላ ሁለት ጨመርኩ።